«በሰው መሃል ሞትም ያምራል»

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ ጦርነት ሲያወራ «ሩሲያውያን በሕዝብ ፊት ሞት ቀይ ነው ይላሉ» ሲል ሰማሁ። ደም ማለቱ ነው። ከነከነኝ። ተረቱ «ና ሚሩ ኢ ስሜርት ክራስና» ነው፤ በሰው መሃል ሞትም ያምራል ማለት ነው። «ክራስና» ዛሬ ቀይ ማለት ይሁን እንጂ በድሮው ቋንቋ ያማረች ማለት ነበር። የሞስኮው ቀይ አደባባይም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።

በተረቱ ያለው «ሚር» ደግሞ የድሮው የሩሲያ ገበሬ ማኅበር ነበር። መሬት ይደለድል፣ ግብር በጋራ ይከፍል ነበር። ቤት የተቃጠለበት ካለ መንደሩ ወጥቶ ይሠራለት፣ ባለቤቱም አብልቶ አጠጥቶ ይሸኝ ነበር። ደቦ በሉት። ሰው ሲሞት አስከሬኑ አግዳሚ ላይ ይጋደም ነበር፤ ራስጌው ሥዕለ አድኅኖ ወዳለበት ማዕዘን ነበር። አልቃሾች ሙሾ ያወርዱ ነበር። በማር የተለወሰ ቅቅል ስንዴም ይቀርባል፤ ኩትያ ይሉታል። ይህን ሳነብ የአያቴ ለቅሶ ትዝ አለኝ። አንዲት ጎረቤት መዳፌን ዘርግታ ትኩስ ንፍሮ ዘገነችልኝ። እንፋሎቱ እስካሁን እጄ ላይ ያለ ይመስለኛል። አርባም እነሱ ጋ አለ።

ያ ሥዕለ አድኅኖ ያለበት ማዕዘን «ክራስኒ ኡጎል» ይባላል፤ ያማረው ማዕዘን። ሙሽሮች የሚቀመጡት እዚያው ነበር። እኔ እንደምገምተው ተረቱ የተወለደው እዚህ ማዕዘን ሥር ነው። ሬሳና ሙሽራ አንድ ቦታ ሲቀመጡ፣ መንደሩ ሁሉ ከቧቸው ሲያይ የኖረ ሰው ሞት ያምራል ቢል ምን ይገርማል?

የሩሲያ ደራሲዎች የጻፏቸው ብቸኞች ሚር ያጡ ሰዎች ናቸው። በጎጎል «ካፖርቱ» (እ.ኤ.አ. 1842) አካኪ አካኪየቪች ሞቶ መሥሪያ ቤቱ የሰማው ከተቀበረ ቀናት ካለፉ በኋላ ነው። በማግስቱ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1886 ቶልስቶይ ባሳተመው «የኢቫን ኢሊች ሞት» ኢቫን ኢሊች ቤተሰቡ መሃል ብቻውን ይሞታል፤ እግሩን ደግፎ የያዘለት ከገጠር የመጣው አገልጋዩ ጌራሲም ነው። በዚያው ዓመት የቼኾቭ አጭር ልብ ወለድ «ቶስካ» (ሐዘን) ወጣ። ጋሪ ነጂው ዮና ልጁ ሞቶበታል። እንዴት እንደታመመ፣ ምን ብሎ እንደሞተ፣ ልብሱን ለማምጣት ሆስፒታል እንደሄደ መናገር ይፈልጋል። የተሳፈረው መኮንን አልሰማውም። ቀጥሎ ከተሳፈሩት ሦስት ወጣቶች አንዱ ማጅራቱን መታው። ሴቶች ቢሆኑ በሁለት ቃል ያለቅሱ ነበር ብሎ ያስባል። በመጨረሻ በረት ገብቶ ድርቆሽ ለምታኝከው ፈረሱ ሁሉንም ነገራት።

እባካችሁ ይህን ተረት ፉከራ ውስጥ አትክተቱት። ለቅሶ ቤት ስትገቡ አንሱት፤ ቦታው እዚያ ነው።