«ሰበር ምን ብሏል?»፦ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎትና አስገዳጅ ትርጉሞቹ

ቤት ሊገዙ ነው እንበል። ጠበቃ ካማከሩ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ብቻ አንብቦ መልስ አይሰጥዎትም። መጀመሪያ «ሰበር ምን ብሏል?» የሚለውን ያያል። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ እስከ ዛሬ አለ። አንዳንዱን አንቀጽ ግን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠውን ትርጉም ሳያዩ ቢያነቡት ግማሹን ብቻ ነው ያነበቡት።

ሰበር ሌላ ይግባኝ አይደለም። ይግባኝ ላይ ፍሬ ነገሩም ሕጉም እንደገና ይታያል። ሰበር ላይ ግን ጥያቄው አንድ ነው፤ የመጨረሻ በሆነው ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ወይስ የለም? ሥልጣኑ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ይመነጫል። ስሙም ሥራውን ይናገራል፤ ስህተት ያለበትን ፍርድ ይሰብራል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። አቤቱታ አቅራቢው «አመልካች» ይባላል፣ ሌላኛው ወገን «ተጠሪ»። መዝገቡ መጀመሪያ ሦስት ዳኞች በሚሰየሙበት አጣሪ ችሎት ይታያል። እዚያ የሚጠበቀው አንድ ቃል ነው፦ «ያስቀርባል» ወይም «አያስቀርብም»። ብዙው አቤቱታ እዚህ ጋ ይቀራል። «ያስቀርባል» ከተባለ ተጠሪ መልስ እንዲሰጥ ይጠራል፣ ጉዳዩም አምስት ዳኞች ወደሚሰየሙበት ችሎት ይሄዳል። ለባለጉዳይ የዚያች ቃል ውጥረት ከዋናው ፍርድ አያንስም።

የችሎቱን ጉልበት የለወጠው በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ነው። ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት ሰበር ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም ከፌዴራል እስከ ክልል በየትኛውም ደረጃ ያለ ፍርድ ቤትን ያስገድዳል አለ። የኢትዮጵያ የሕግ ሥርዓት በዋናነት በተጻፈ ኮድ እንጂ በፍርድ ቤት ውሳኔ የሚመራ ስላልሆነ ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ከዚያ በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔዎቹን በቅጽ እየጠረዘ ማሳተም ያዘ። ዛሬ ከ20 በላይ ቅጾች አሉ። ጠበቆችም የጉዳዩን ታሪክ ሳይነግሩዎት የመዝገብ ቁጥሩን በቃላቸው ይጠሩልዎታል።

ወደ ቤቱ እንመለስ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይደረግ ይላል። ሰዉ ግን ለዘመናት ቤት ሲሻሻጥ የኖረው በመንደር ውል ነው። ወረቀት ይጻፋል፣ ሦስት አራት ምስክር ይፈርማል፣ ብር ይቆጠራል፣ ቁልፍ ይሰጣል። በመዝገብ ቁጥር 21448 ሰበር ችሎቱ በአዋዋይ ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም አለ። ስንት ገዢ እንደደነገጠ ይገመት። ዋጋ ሲንር ሐሳቡን የለወጠ ሻጭ «ውሉ እኮ ፎርሙን አላሟላም» ብሎ ቤቱን ማስመለስ ቻለ። በኋላ ችሎቱ ራሱ ነገሩን አለዘበው፤ ሻጩ መሸጡን ካልካደ የፎርም ጥያቄ ውሉን አያፈርስም ወደሚል አቋም መጣ። በመካከሉም ሕግ አውጪው በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 639 የባንኮችንና የአነስተኛ ብድር ተቋማትን የመያዣ ውል ከዚህ ግዴታ ነፃ አደረገ። ተራው ገዢ ግን በዚያ አዋጅ አልተጠቀመም። በእኔ አስተያየት ሁለተኛው አቋም ለፍትሕ ይቀርባል። በመካከሉ ቤቱን ያጣ ሰው ግን ይህ አይክሰውም።

ችሎቱ የሚመሰገንበትም አለ። በመዝገብ ቁጥር 23632 ከደቡብ ክልል የመጣ ጉዳይ ነበር። አንድን ልጅ ከሕፃንነቱ አክስቱ ታሳድገዋለች፤ አባትየው ቆይቶ መጥቶ «ልጄን» አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባት ፈረዱ። የክልሉን የቤተሰብ ሕግ ብቻ ላየ ስህተት የለውም። ሰበር ግን ሕገ መንግሥቱን፣ አንቀጽ 36ን፣ እንዲሁም የሕፃናት መብት ስምምነቱን ገለጠ። ከአባትነት መብት በፊት የልጁ ጥቅም ይታያል ብሎ ልጁ ከአክስቱ ጋር እንዲቆይ ወሰነ። ስለ ልጅ አስተዳደግ በሚከራከሩ ጠበቆች ዘንድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

የሚነቀፍበትም እንዲሁ። በመዝገብ ቁጥር 20938 ተጋቢዎች ሳይፋቱ ለረጅም ጊዜ ተለያይተው ኖረው ሌላ ትዳር ከመሠረቱ ጋብቻቸው እንደፈረሰ ይቆጠራል አለ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው ይላል። ታዲያ ይህ ትርጉም ነው ወይስ አዲስ ሕግ? ምሁራን ዛሬም ይሟገቱበታል። እውነቱን ለመናገር በየሰፈሩ ያለው ኑሮ ከችሎቱ ጋር ይስማማል። የሕጉ ቃል ግን አይስማማም።

የቅርቡ ለውጥ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ነው። እስከዚያ ድረስ «መሠረታዊ የሕግ ስህተት» ምን ማለት እንደሆነ በሕግ አልተተረጎመም ነበር። አዲሱ አዋጅ ትርጉም ሰጠው፤ ሕገ መንግሥቱን መጣስ፣ ሕግን አላግባብ መተርጎም፣ ተገቢውን ጭብጥ አለመያዝ እያለ ይዘረዝራል። ቀድሞ የተሰጠ ትርጉም የሚለወጠው ደግሞ ከሰባት ያላነሱ ዳኞች ሲሰየሙ ነው። አንዱ ቅጽ አንድ ነገር፣ ሌላው ቅጽ ተቃራኒውን ሲል ለታከተው ጠበቃ ይህች ድንጋጌ እፎይታ ናት። «ሰበር በሰበር» የሚባለውንም ጠበበችው፤ በክልል ጉዳይ የክልሉ ሰበር ከወሰነ በኋላ ወደ ፌዴራሉ የሚመጣው የሕዝብ ጥቅምና አገራዊ ፋይዳ ያለው ብቻ ነው። ክልሎች የራሳቸው የሰበር ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ ተጽፎላቸው ሳለ ፌዴራሉ ሁሉን ማየቱ ያነታርክ ነበር። «አገራዊ ፋይዳ» የቱ ነው የሚለው ግን ገና ብዙ መዝገብ ያስከፍታል።

ሰበር የተሸነፈ ሰው ቤቱ ሄዶ ይቀመጣል ማለትም አይደለም። «ውሳኔው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል» ካለ ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ያመለክታል፤ የመጨረሻው ቃል የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የሚገርመው የ11 አባላቱ ጉባኤ ሰብሳቢ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት መሆኑ ነው። በራሱ ቤት የተሰጠን ፍርድ ይመረምራል ማለት ነው።

ውሳኔዎቹን ራስዎ ማንበብ ከፈለጉ አይፍሩ፣ አቀራረባቸው አንድ ዓይነት ነው። ከላይ የዳኞቹና የተከራካሪዎቹ ስም ይሰፍራል። ቀጥሎ «መዝገቡ ተመርምሮ ተከታዩ ፍርድ ተሰጥቷል» ዓይነት መስመር ይመጣል። የሥር ፍርድ ቤቶች ክርክር ብዙ ገጽ ይወስዳል፣ እሱን ዘለል አድርገው ወደ ትንታኔው ይሂዱ። መጨረሻ ላይ «ተሽሯል» ወይም «ጸንቷል» ይላል፤ ወጪና ኪሣራ ብዙ ጊዜ ግራ ቀኙ የየራሳቸውን ይችላሉ። ከዚያ በታች «የማይነበብ የአምስት ዳኞች ፊርማ አለበት» የሚል ይገኛል።