ጌም ማስተር ማለት ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታን፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ በንግግር የሚጫወተውን ጨዋታ፣ ለሌሎች ሲያስረዳ «ጌም ማስተር ማለት ታሪኩን ደርሶ ለተጫዋቾቹ የሚተርክላቸው ሰው ነው» አለ። ይህን ብዙ ጊዜ ሰምቼ አልፌዋለሁ። አሁን ግን ማለፍ አልቻልኩም፤ ይህ አነጋገር የሚያደርሰውን ጉዳት ቦሌ አራብሳ ባለው ጠረጴዛችን ዙሪያ ደጋግሜ አይቻለሁና። አንዳንዶቹ አዳዲስ ልጆች «ጋሼ፣ እኔ ድርሰት አልችልም፤ ጌም ማስተርነቱ ይቅርብኝ» ይሉኛል። ሌሎቹ ደግሞ ሠላሳ ገጽ ጽፈው ይመጡና ተጫዋቾቹ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሌላ መንገድ ሲይዙባቸው ይከፋቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ሳይሞክሩ ይቀራሉ፣ ሁለተኛዎቹ ሞክረው ይተዉታል።

ዳይሱ (በየፊቱ ቁጥር ያለበት የሚጣለው ዕጣ) ስንት ፊት እንዳለው፣ የገጸ ባሕርይ ወረቀት እንዴት እንደሚሞላ አልነግራችሁም። ያ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለመዳል። ማለት የምፈልገው ሌላ ነው፦ ጌም ማስተር ባለአደራ ነው። ተጫዋቾቹ የማያዩትን ዓለም በአደራ ይይዛል። አንዱ ተጫዋች «ይህን አደርጋለሁ» ሲል ያ ዓለም ምን ብሎ እንደሚመልስ ሳያዳላ ይናገራል። ታሪክ የምንለው ነገር፣ ጨዋታው አልቆ ወደ ቤት ስንሄድ መለስ ብለን ስናስበው የምናገኘው ነው። ከጨዋታው በፊት የትም አልነበረም።

ሥራው ከየት እንደመጣ ያየ ሰው ይህን የኔ የግል አስተያየት አድርጎ አይወስደውም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1824 የፕሩሲያ መኮንን የነበረው ፎን ራይስቪትስ ለጦር መኮንኖች ማሠልጠኛ ያቀረበው የካርታ ጨዋታ ሁለት ተፋላሚ ወገኖችና አንድ ዳኛ ነበሩት። ተፋላሚዎቹ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ አያይም። ትእዛዛቸውን ለዳኛው ይሰጣሉ፤ እሱም ወታደሮቻቸው ከቆሙበት ሆነው ሊያዩ የሚችሉትን ብቻ መልሶ ይነግራቸዋል። ዳኛው ማን እንዲያሸንፍ አይመርጥም፤ ጦርነቱ በምን እንዲያልቅም አስቀድሞ አይወስንም። ሥራው እውነቱን ይዞ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ያህል መስጠት ነው።

ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ በ1969፣ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ አሜሪካዊ ሚኒሶታ ውስጥ ጓደኞቹን ሰብስቦ ተመሳሳይ የጦርነት ጨዋታ አዘጋጀ። ለአንዳንዶቹ ጦር ከመስጠት ይልቅ የአንዲት ከተማ ሰዎች አደረጋቸው። ተጫዋቾቹ ያላሰበውን ማድረግ ጀመሩ። ሁለቱ ተጣልተው ፍልሚያ እንግጠም አሉ፤ ለዚያ ሕግ ስላልነበረው እዚያው ቆሞ ፈጠረላቸው። ጨዋታው የተበላሸ መስሎት ነበር። ጓደኞቹ ግን ድገምልን አሉት። ከነዚያ ተጫዋቾች አንዱ ዴቭ አርነሰን ነው፤ እሱና ጋሪ ጋይጋክስ በ1974 ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን የሚና ጨዋታ በሦስት ትናንሽ መጻሕፍት አወጡ። በነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው የሚጠራው «ዳኛ» ተብሎ ነው። «ማስተር» የሚለው ስም የመጣው በኋላ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ መዘዙ ያለው ከስሙ ነው፤ «ማስተር» ሲባል ሰው የሚያዝዝ አለቃ ይታየዋልና።

አሁን አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ነው፣ ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ። መብራት ሄዷል፤ ሻማውን ብርጭቆ ውስጥ አቁመነዋል። ዳይሱን የምንጥለው ሰፌድ ላይ ነው፤ አይንከባለልም፣ ድምፁም ለጎረቤት አይረብሽም። ተጫዋቾቹ አሞሌ ጨው የጫኑ ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው፤ ኬላ ደርሰዋል። እኔ ያዘጋጀሁት ሦስት ነገር ነበር፦ ቀረጡን ይከፍላሉ፣ ወይም ይጣላሉ፣ ወይም በገደሉ ዞረው ያልፋሉ። ቦታው ሕይወት እንዲኖረው ብዬ ብቻ «ከጎጆው ውስጥ የሕፃን ሳል ይሰማል» አልኩ። ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ተጫዋች ቀና ብላ ኬላ ጠባቂውን እንደምታናግር ሆና «ጌታዬ፣ ልጁ ካመመው ስንት ቀኑ ነው?» አለች።

በኔ ወረቀት ላይ ልጅ የሚባል የለም። ደራሲ ብሆን ኖሮ «መልስ አይሰጥሽም፣ ክፈሉ ይላል» ብዬ ወደ ቀረጡ እመልሳት ነበር። ነገር ግን ሳሉን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ከአፌ ከወጣ በኋላ የኔ ብቻ አይደለም፤ እዚያ ጎጆ ውስጥ የሚያስል ልጅ አለ። ሰው ልጁ ሲታመምበት እንዴት እንደሚሆን አሰብኩና «አምስት ቀኑ» አልኳት። «ማር ጭነናል» አለች ወዲያው፤ ወረቀቱ ላይ አንድ ቀረጢት ማር ተመዝግቧል። ማሩን ሰጥታ ቀረጡን እንዲቀንስላቸው ለመነችው። በሃያ ፊቱ ዳይስ 11 እና ከዚያ በላይ ያስፈልግሻል አልኳት። 8 ወደቀ። ኬላ ጠባቂው ማሩን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ከዚያም «ቀረጡ የኔ አይደለም፣ የነጋድራሱ ነው» አለ። ሙሉውን ከፈሉ።

ሲመለሱ በዚያው ኬላ ሲያልፉ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ቀረጥ አልነበረም። «ልጁ ዳነ?» ነው ያለችው። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ለዚህ ጨዋታ ያለኝ ፍቅር ምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ያ ጸጥታ ነው። እኔ ልጽፈው ብሞክር አይመጣልኝም ነበር።

ይህን ለማስረዳት ከአዝማሪ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አዝማሪ ቤት ማሲንቆው በአዝማሪው እጅ ነው፤ ዜማውና ምቱም የሱ ነው። ግጥሙ ግን ከእንግዳው ይመጣል። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኙን ይወረውራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማው ላይ ያስቀምጠዋል። ቤት ካልመታ ትንሽ ያቃናዋል፣ አንዳንዴም የራሱን አንድ ስንኝ ጣል ያደርግና እንግዳው ለሚቀጥለው ዙር ይበረታታል። እንግዳው ስንኝ እየሰጠው አልቀበልም ብሎ ቤቱ ያጠናውን ብቻ የሚዘፍን አዝማሪ ድምፁ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ «ተቀበል» የሚለው ሰው ግን ሁለተኛ አይመጣም። የማሲንቆው ክር ደግሞ አንድ ነው። በጣም ቢላላ ድምፅ የለውም፣ ቢከርር ይበጠሳል። የጨዋታው ሕግም እንዲሁ ነው፦ ሁሉም ነገር ከተፈቀደ የተጫዋቹ ምርጫ ክብደት ያጣል፣ ምንም ካልተፈቀደ ደግሞ ምርጫ የለም።

ምሳሌው የማይደርስበትም ቦታ አለ። አዝማሪው የሚሸልመውን እንግዳ ያወድሳል፤ ደንቡ ነው። ጌም ማስተር ይህን ካደረገ አደራውን በላ። ቡና ያፈላችለትንና ጓደኛውን ከሌሎቹ በላይ የሚያስደስት ዓለም ከያዘ፣ ሌሎቹ ሳይናገሩ ያውቁበታል። ደግሞም አዝማሪው ዳይስ የለውም።

ወደ ዳይሱ ከመጣሁ ያ ተናጋሪ ያለውን ሁለተኛ ነገር ላንሳ። «ጌም ማስተሩ ዳይሱን ከካርቶን ከለላ ጀርባ ይጥላል፤ ታሪኩ እንዲያምር ውጤቱን መቀየር ይችላል» ብሏል። ይህ ከመጀመሪያው ስሕተት የተወለደ ነው። ራሱን ደራሲ ያደረገ ሰው ዳይሱ ይከለክለዋል፣ ስለዚህ ይዋሻል። እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ይህን በቁጥር ካላሳየሁ አይሆንልኝም። 11 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል ያልኩ ጊዜ ለተጫዋቿ 50 በመቶ ዕድል አለሽ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። በልቤ ሲወድቅ አሳልፋታለሁ ካልኩ የሰጠኋት 100 በመቶ ነው። ሲያልፍ እጥላታለሁ ካልኩ ዜሮ ነው። በሁለቱም ማሯን ለመስጠት መወሰኗ ምንም ለውጥ አላመጣም። እንዲሆን የማትፈልገው ውጤት ካለ ዳይሱን አታስጥል፤ ዝም ብለህ የሚሆነውን ተናገር። ካስጣልክ ግን በወደቀው እደር። እኛ ሰፌዱ ላይ ለሁሉም እይታ ነው የምንጥለው።

ስለ ዳይስ ካነሳሁ አይቀር፣ በ2010 በወጣው አፖካሊፕስ ወርልድ በተባለው የሚና ጨዋታ የተለመደው ስልት ሁለት ባለስድስት ፊት ዳይስ መደመር ነው፤ ገጸ ባሕርዩ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ነጥብ ከሌለ ከ36ቱ ውጤቶች 15ቱ ከ6 አይበልጡም፣ 15ቱ ከ7 እስከ 9 ናቸው፣ 6ቱ 10 እና ከዚያ በላይ። መካከለኛው «ተሳካልህ፣ ግን ዋጋ አለው» ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ሙሉ ስኬት ከስድስት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ጌም ማስተሩ ሳያስበው ዓለሙ መልስ እየሰጠ ይሄዳል። ለጀማሪ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው።

ማስቀረት የማይገባኝ ነገር አለ፦ መደበቅና መዋሸት አንድ አይደሉም። ከበሩ ጀርባ ማን እንዳለ አለመናገር አደራ መጠበቅ ነው፤ የፕሩሲያው ዳኛም ያደረገው ይህንኑ ነው። እንዲሁም ጌም ማስተር የሌላቸው ጨዋታዎች አሉ፤ በ2009 የወጣው ፊያስኮ አንዱ ነው፣ ተጫዋቾቹ አደራውን ተካፍለው ይይዙታል። ታሪክ በጋራ ለመድረስ ተስማምተው የሚቀመጡ ሰዎችንም አልቃወምም። ሁሉም አውቆ ተስማምቶበት ከሆነ የነሱ ጠረጴዛ ነው። የምቃወመው አንዱ ብቻውን ደርሶ ሌሎቹን ምርጫ አላችሁ ማለቱን ነው። እኔ ራሴ መጀመሪያ የተቀመጥኩበት ጠረጴዛ እንዲህ ነበር። የትኛውንም በር ብንመርጥ ያው አንድ ክፍል ውስጥ እንደምንገባ የገባኝ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጌም ማስተሩ ምን ታደርጋላችሁ ብሎ ሲጠይቀን ዝም ማለት ጀመርኩ።

የጨዋታው ጉድለት ግን ይህ ብቻ አይደለም፤ ስለምወደው ልሸፍነው አልፈልግም። አራት አምስት ሰው በአንድ ቀን ማግኘት ከባድ ነው፤ መገናኛ ድረስ የሚሄዱት ልጆች ታክሲ ሳይጠፋባቸው መነሳት ስላለባቸው ብዙ ጊዜ ጥሩው ቦታ ላይ እናቋርጣለን። ሕጎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ የመተርጎሙ ሸክም ጌም ማስተሩ ላይ ይወድቃል። ተናጋሪ ተጫዋች ዝምተኛውን ይውጠዋል፤ ለዚህ ከዝምተኛው መጀመር እንጂ ሌላ መድኃኒት አላገኘሁም። ገንዘቡ እንኳን እንደሚፈራው አይደለም፤ የደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ መሠረታዊ ሕግ ከጥር 2023 ጀምሮ ማንም በነፃ ሊጠቀምበት በሚችል ፈቃድ ተለቋል። ዳይስ የሌለው ከስልኩ ይጥላል።

«ድርሰት አልችልም» ካሉኝ ልጆች አንዷ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ታሪክ እንዳትጽፊ አልኳት። አንድ ቦታ ምረጪ፣ እዚያ ማን እንዳለና ምን እንደሚፈልግ፣ ማንም ካልደረሰ ምን እንደሚሆን ጻፊ። በሳምንቱ የደብተር ወረቀት ግማሽ ላይ ይህን ይዛ መጣች፦ «የውኃ ወፍጮው ባለቤት ዕዳ አለበት። ወንዙ በሦስት ቀን ውስጥ ሞልቶ ወፍጮውን ይወስደዋል። እህቱ ይህን ታውቃለች፣ እሱ አያውቅም።» እስኪመሽ ተጫወትንበት፤ ገና አልጨረስነውም።