ዲሲሲ ምንድን ነው? ውጭ አገር ካርድ ስታስጠጉ ማሽኑ የሚያቀርብላችሁ ምርጫ

ውጭ አገር ሆናችሁ ካርዳችሁን የክፍያ ማሽን ላይ ስታስጠጉ፣ አንዳንዴ ማሽኑ ክፍያውን ከመቀበሉ በፊት ሁለት ዋጋ ያሳያችኋል። አንደኛው ባላችሁበት አገር ገንዘብ ነው። ሁለተኛው የባንክ ሒሳባችሁ በተከፈተበት ገንዘብ ነው። በየትኛው መክፈል እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል። ከኋላችሁ ሰልፍ አለ፤ ካሸሩም እየጠበቀ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀውን ገንዘብ ነክቶ ይሄዳል።

ይህ አገልግሎት ዳይናሚክ ከረንሲ ኮንቨርዥን ይባላል፤ በአጭሩ ዲሲሲ። የውጭ ምንዛሪው በካርዳችሁ በኩል መሠራቱ ቀርቶ እዚያው ሱቁ፣ ሆቴሉ ወይም ኤቲኤሙ ላይ ተሠርቶ እንዲያልቅ ያደርጋል። ሕጋዊ ነው። ማጭበርበርም አይደለም። ግን ውድ ነው፤ ውድነቱም ብዙ ጊዜ አይታይም። መንገደኛ ሳያውቀው ከሚያወጣቸው ወጪዎች ሁሉ ይህን ያህል በቀላሉ የሚቀር የለም ብዬ አምናለሁ። የሚጠይቀው ትክክለኛውን ቁልፍ መንካት ብቻ ነው።

ለምን እንደሚወደድ ለመረዳት ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ ማየት ይበጃል።

«በአገሩ ገንዘብ» ብላችሁ ከመረጣችሁ፣ ሱቁ የሚጠይቀው በራሱ ገንዘብ ነው። ጥያቄው የካርድ ኔትወርክ በሚባሉት በቪዛ ወይም በማስተርካርድ በኩል ያልፋል። እነሱ በዕለቱ ተመናቸው መንዝረው ለባንካችሁ ያሳውቃሉ። ባንካችሁ ከሒሳባችሁ ይቀንሳል። የቪዛና የማስተርካርድ ተመን ባንኮች እርስ በርስ ከሚገበያዩበት ተመን አብዛኛውን ጊዜ ብዙም አይርቅም። ምስጢርም አይደለም፤ ሁለቱም ድረ ገጻቸው ላይ ማስያ አላቸው፤ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። በዚህ ላይ ባንካችሁ የውጭ ግብይት ክፍያ ሊጨምር ይችላል። ከ1 እስከ 3 በመቶ የሚያስከፍሉ ብዙ ናቸው። ጭራሽ የማያስከፍሉ ካርዶችም አሉ።

በራሳችሁ ገንዘብ ልክፈል ስትሉ ግን ምንዛሪውን የሚሠራው ሌላ ነው። ተመኑን የሚቆርጠው የሱቁን ክፍያ የሚቀበለው ባንክ ወይም አብሮት የሚሠራ የዲሲሲ ድርጅት ነው። ይህ ድርጅት የራሱን ጭማሪ ተመኑ ውስጥ ያስገባል። ከጭማሪው የተገኘውን ለባንኩ ያካፍላል፤ ብዙ ጊዜ ሱቁም ድርሻ አለው። ስለዚህ ካሸሩ «በእናንተ ገንዘብ ይሻላችኋል» ቢላችሁ አትደነቁ። ሰውየው ክፉ አይደለም። ምናልባትም እንዲህ በል ተብሎ ነው የሠለጠነው።

ማሽኑ ካርዳችሁ የየት አገር እንደሆነ በምን ያውቃል? በካርዱ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ባሉት አኃዞች ነው። የትኛው ባንክ እንዳወጣው ከእነሱ ይነበባል። ገንዘቡም ከዚያው ይገመታል።

አሁን በቁጥር እንየው። እንበል ካርዳችሁ የዶላር ነው፤ ያላችሁት ደግሞ በዩሮ የሚገበያይ አገር ነው። የሆቴሉ ሒሳብ 400 ዩሮ መጣ። የካርዱ ኔትወርክ በዕለቱ አንዱን ዩሮ በ1.10 ዶላር ይመነዝራል እንበል፤ 440 ዶላር ይሆናል። ባንካችሁ 2 በመቶ ቢጨምር 448.80 ላይ ይቆማል። የዲሲሲው ማሽን ግን አንዱን ዩሮ በ1.16 ቢያሰላው ስክሪኑ ላይ 464 ዶላር ይወጣል። ልዩነቱ ከ15 ዶላር በላይ ነው፤ ለአንድ ንክኪ። ጭማሪው እንደ ቦታው ይለያያል። ከ3 እስከ 7 በመቶ የተለመደ ነው። በተለይ ኤቲኤም ላይ ከ10 በመቶ የሚያልፍበትም ጊዜ አለ።

የሚያሳዝነው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ ባንኮች በራሳችሁ ገንዘብ ብትከፍሉም የውጭ ግብይት ክፍያቸውን አይተዉም። ለእነሱ ዋናው ነገር ሱቁ ውጭ አገር መሆኑ ነው። ያኔ ለሁለቱም ከፈላችሁ ማለት ነው፤ ለዲሲሲውም ለባንካችሁም።

«ኮሚሽን የለም» የሚለው ማስታወቂያም እዚህ ላይ ይመጣል። ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ኮሚሽን በሚል ስም ለብቻው የተጻፈ ነገር የለም። ጭማሪው ያለው ተመኑ ውስጥ ነው። ስለዚህ መታየት ያለበት ኮሚሽኑ ሳይሆን በስተመጨረሻ ከሒሳባችሁ የሚወጣው ድምር ነው።

ሰው ለምን ይመርጠዋል?

ብዙዎች የሚመርጡት ስግብግብ ወይም ግዴለሽ ስለሆኑ አይደለም። በማያውቁት ገንዘብ የተጻፈ ትልቅ ቁጥር ያስፈራል። ስንት እንደወጣ አለማወቅ ያስጨንቃል። ዲሲሲ የሚሸጠውም ይህንን እፎይታ ነው። እኔ የምለው፣ እፎይታው ያለ ክፍያም ይገኛል። ስልካችሁ ላይ የምንዛሪ ማስያ ጫኑ። ኢንተርኔት ሳይኖርም የመጨረሻውን ተመን አስቀምጠው የሚሠሩ አሉ። ወይም ጉዞ ስትጀምሩ አንድ ክብ ቁጥር በቃላችሁ ያዙ፤ የአገሩ 100 በእናንተ ስንት እንደሆነ። ከዚያ በኋላ ዋጋውን በሐሳባችሁ ታሰሉታላችሁ። ለማወቅ ብላችሁ 5 በመቶ መክፈል የለባችሁም።

አገልግሎቱ ገበያ ላይ የዋለው በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ነው። የአየርላንዱ ፌክስኮ ቀድመው ከገቡበት ድርጅቶች አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምንዛሪውን ማን ይሥራ በሚለው ላይ ትልቅ ግፊያ ቆይቷል፤ ምክንያቱም ትርፉ ያለው እዚያ ላይ ነው። በ2010 ቪዛ ዲሲሲ ወደ አዳዲስ ሱቆች እንዳይስፋፋ ለጥቂት ወራት አግዶ ነበር። የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን ጉዳዩን ፍርድ ቤት አደረሰው። በ2015 ቪዛ 18 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ቪዛም የዲሲሲ ድርጅቶቹም ስለ መንገደኛው ምቾት ያወራሉ። የሚጣሉት ግን በዚያች ምንዛሪ ላይ ነው።

ለእኛ የሚጠቅመን ግን ሕጉ ነው። በቪዛም በማስተርካርድም ደንብ መሠረት ምርጫው የካርዱ ባለቤት ነው። ሱቁ ስለ እናንተ ሊመርጥ አይችልም። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቱንም ዋጋ ሊያሳያችሁ ይገባል፤ ተመኑንም ጭምር። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ አንድ እርምጃ ጨምሯል። በደንብ ቁጥር 2019/518 ምክንያት፣ ከኤፕሪል 19 ቀን 2020 ጀምሮ ዲሲሲ አቅራቢዎች ጭማሪያቸውን በመቶኛ ማሳየት አለባቸው። መነሻው የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ የሚያወጣው ማጣቀሻ ተመን ነው። እዚያ ስትሆኑ ስክሪኑ ላይ ትንሽ የመቶኛ ቁጥር ፈልጉ። ጉዳዩን በአንድ እይታ ትነግራችኋለች።

ኤቲኤም ላይ ሲሆን

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ኤቲኤም ላይ ጥያቄው ግልጽ ሆኖ አይመጣም። «ምንዛሪውን ተቀበል» እና «ምንዛሪውን አትቀበል» ይላል። ወይም «ከምንዛሪ ጋር» እና «ያለ ምንዛሪ»። የመጀመሪያው ቁልፍ ደማቅ፣ ሁለተኛው ደብዛዛ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ማሽን ተመኑ «የተረጋገጠ» እንደሆነ ይነግራችኋል፤ እምቢ ካላችሁ ግን ስንት እንደሚቆረጥ አይታወቅም ብሎ ያስጠነቅቃል። የተረጋገጠ ማለት ግን ርካሽ ማለት አይደለም።

ሰው የሚፈራው «አትቀበል» ካልኩ ገንዘቡ ይቀራል ብሎ ነው። አይቀርም። እምቢ ያላችሁት ምንዛሪውን ነው እንጂ ገንዘብ ማውጣቱን አይደለም። ማሽኑ ያንኑ ገንዘብ ይሰጣችኋል። ምንዛሪው የሚሠራው በካርዳችሁ በኩል ይሆናል። አንዳንዴ ማሽኑ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ደግሞ ይጠይቃል። መልሱ ያው ነው። አልፎ አልፎ እምቢ ስትሉት ካርዱን የሚመልስ ማሽን ቢያጋጥማችሁ ሌላ ባንክ ፈልጉ።

አንድ ነገር ለዩ። የኤቲኤሙ ባለቤት ለአገልግሎቱ የሚያስከፍለው ቋሚ ክፍያ ሊኖር ይችላል። እሱ ከዲሲሲ የተለየ ነው። ምንዛሪውን እምቢ ብትሉም እሱ አይቀርም። ሌላ ኤቲኤም ላይ ሊረክስ ይችል እንደሆነ እንጂ።

ሱቅና ሬስቶራንት ውስጥ ዋናው ችግር ማሽኑን የያዘው ሌላ ሰው መሆኑ ነው። ቁልፉን እሱ ነክቶ ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ ካርዱን ከማውጣታችሁ በፊት «በአገሩ ገንዘብ ይሁን» በሉ። ቋንቋ ካላግባባችሁ የገንዘቡን ስም ብቻ መጥራት ይበቃል። የሚስጥር ቁጥራችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ደግሞ ስክሪኑን እዩ። ከቁጥሩ ጎን የገንዘቡን ዓይነት የሚያሳዩ ሦስት የላቲን ፊደላት አሉ፤ በዓለም አቀፉ ደረጃ በአይኤስኦ 4217 የተወሰኑ ናቸው። የእናንተን ገንዘብ ፊደላት ካያችሁ ዲሲሲ ገብቷል ማለት ነው። ያኔ ይሰረዝልኝ፣ እንደገና ይሠራ ማለት መብታችሁ ነው። ማፈር አያስፈልግም። እዚያው ከሆናችሁ የደቂቃ ሥራ ነው። ከሄዳችሁ በኋላ ግን ይከብዳል።

ሆቴልና የመኪና ኪራይ ላይ ጥያቄው የሚመጣው ገና ስትገቡ ሊሆን ይችላል። መያዣ ገንዘብ ሲያስይዙ የምትፈርሙት ወረቀት ላይ «የመጨረሻው ሒሳብ በራሴ ገንዘብ ይቆረጥ» የሚል ሐረግ ሊኖር ይችላል። ደክሟችሁ ስለደረሳችሁ አታነቡትም። አንብቡት።

ኢንተርኔት ላይም አለ። ከውጭ ሻጭ ስትገዙ ገጹ ዋጋውን በራሳችሁ ገንዘብ ቀይሮ ያሳያችኋል። ፔይፓል ለምሳሌ ምንዛሪውን ራሱ መሥራት ይፈልጋል፤ ግን ክፍያው በሻጩ ገንዘብ እንዲሆንና ምንዛሪውን ካርዳችሁ እንዲሠራው መምረጥ ትችላላችሁ። ምርጫው ጎልቶ አይታይም። ከመክፈላችሁ በፊት ከተመኑ አጠገብ ፈልጉት።

ብዙ ዓይነት ገንዘብ የሚይዝ ካርድ ያላችሁ ሰዎች ይበልጥ ተጠንቀቁ። ካርዱ ላይ ዩሮ አስቀምጣችሁ ይሆናል። ማሽኑ ግን ከካርዱ ቁጥር ተነሥቶ ዶላር ነው ብሎ ይገምታል። ዶላር ብላችሁ ከነካችሁ ያስቀመጣችሁት ዩሮ ሳይነካ ይቀራል፤ ወይም ለዶላሩ ክፍያ ተመልሶ ይመነዘራል። አስቀድማችሁ ያዘጋጃችሁት ነገር ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ዲሲሲ የሚጠቅምበት ጊዜ የለም ወይ? አለ፤ ግን ጥቂት ነው። ወጪያችሁን መሥሪያ ቤት የሚተካላችሁና በራሳችሁ ገንዘብ የተጻፈ ደረሰኝ የሚጠይቅ ከሆነ ሥራ ያቀላል። ባንካችሁ በጣም ከፍ ያለ የውጭ ግብይት ክፍያ ካለውና በዲሲሲ ሲከፈል እንደሚተወው በጽሑፍ ካረጋገጣችሁ፣ ሁለቱን አስልቶ መወሰን ይቻላል። ደግሞ የካርድ ክፍያ ሒሳብ ላይ እስኪወራረድ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል። የእናንተ ገንዘብ በእነዚያ ቀናት ውስጥ በፍጥነት እየወረደ ከሆነ የዛሬን ተመን መያዝ ትርጉም ይኖረዋል። ከእነዚህ ውጭ የሚያስመርጥ ምክንያት አላየሁም።

ዕቃ መመለስ ካለ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በዲሲሲ የከፈላችሁትን ሱቁ ሲመልስላችሁ ብዙ ጊዜ በሚመለስበት ቀን ተመን ነው የሚሠራው። የተመለሰው ከከፈላችሁት ሊያንስ ይችላል። ደረሰኙን አትጣሉ። ብዙ የዲሲሲ ደረሰኞች ላይ «ምርጫ ቀርቦልኝ በራሴ ገንዘብ ለመክፈል ተስማምቻለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይታተማል። ማንም ሳይጠይቃችሁ ተቆርጦ ከሆነ እዚያው ሱቁ ውስጥ ደረሰኙ ላይ ምርጫ እንዳልቀረበላችሁ ጻፉበትና ፎቶ አንሡት። ከዚያ ለካርዳችሁ ባንክ አቤቱታ አቅርቡ። ምርጫ ሳይሰጥ መቁረጥ የካርድ ኔትወርኮቹን ደንብ ይጥሳል፤ ባንኩም ክፍያውን የሚሞግትበት ሥርዓት አለው። አቤቱታ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ ስላለ፣ ከጉዞ ስትመለሱ የሒሳብ መግለጫችሁን ቶሎ አውጥታችሁ ከደረሰኞቹ ጋር አመሳክሩ።