ሁለት ሁለት ሆነው፦ የሞርሞን ወጣቶች የባሕር ማዶ የሚስዮን አገልግሎት

በተለምዶ «የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን» የሚባለው፣ ራሱን ግን «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ የሚጠራውና ዋና ጽሕፈት ቤቱ በአሜሪካ ዩታ ግዛት በሶልት ሌክ ሲቲ የሚገኘው የሃይማኖት ድርጅት፣ ብዙዎቹ ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላቸውን ወጣቶች በአሥር ሺዎች እየቆጠረ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ያሰማራል። ወንዶቹ 24 ወራት፣ ሴቶቹ 18 ወራት ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ። የሚሄዱበትን አገር አይመርጡም። ትምህርታቸውን፣ ሥራቸውን፣ እጮኛ ካላቸውም እጮኛቸውን ትተው ይሄዳሉ። ሌሎች የሚስዮን ማኅበራት በአብዛኛው በነገረ መለኮት፣ በሕክምና ወይም በማስተማር ሙያ የሠለጠኑ ሰዎችን ለረጅም ዘመን ሲልኩ፣ ይህኛው ገና ከሁለተኛ ደረጃ የወጣውን ልጅ ልኮ ሰውየው ቋንቋውንና አገሩን በደንብ በለመደ ማግስት ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። አሠራሩ ለውጭ ተመልካች አባካኝ ይመስላል፤ ዘላቂነቱ ግን በሰባኪው ዕውቀት ላይ ሳይሆን የሰባኪውን ቀን በሰዓታት ከፋፍሎ በሚገዛው ሥርዓት ላይ የቆመ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር መነገር አለበት። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱን ክርስቲያናዊ ቢልም፣ ስለ ሥላሴ ያለው ትምህርት ስለሚለይና ከመጽሐፍ ቅዱስ በተጨማሪ መጽሐፈ ሞርሞንን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ስለሚቀበል፣ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ይህን አይቀበሉለትም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ2001 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጥምቀቱን እንደማትቀበል በይፋ አስታውቃለች። ወጣቶቹ በየደጁ የሚገጥማቸው ክርክርም በአብዛኛው ከዚሁ የሚነሳ ነው።

የመጀመሪያው ሚስዮናዊ ተደርጎ የሚቆጠረው የመሥራቹ የጆሴፍ ስሚዝ ወንድም ሳሙኤል ስሚዝ ነው፤ በ1830 አዲስ የታተመውን መጽሐፈ ሞርሞን በከረጢት ይዞ በኒው ዮርክ ግዛት መንደሮች በእግሩ ዞሯል። በ1837 ሄበር ኪምባልና ባልደረቦቹ አትላንቲክን ተሻግረው ሊቨርፑል ወረዱ፤ ስብከታቸውንም ፕሬስተን በተባለችው የፋብሪካ ከተማ ጀመሩ። በቀጣዮቹ ዐሥርተ ዓመታት በእንግሊዝ የተጠመቁ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ አሜሪካ ተሰደዋል። በዚያ ዘመን የሚላኩት ግን ወጣቶች አልነበሩም፤ ሚስትና ልጆች ያሏቸው ገበሬዎችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። በወንጌል እንደተጻፈው ያለ ኮረጆና ያለ ከረጢት፣ የሚያድሩበትንና የሚበሉትን ከሰው ደጅ እየለመኑ ይሄዱ ነበር፤ የእርሻው ሸክም ደግሞ ቤት በቀረችው ሚስት ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ነገሩ ከቆሎ ተማሪ ኑሮ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ የእኛ ተማሪ ሊማር መለመኑ፣ እነርሱ ግን ሊያስተምሩ መለመናቸው ነው። ያላገቡ ወጣቶችን መላክ ደንብ እየሆነ የመጣው በኋላ ነው። ኢኔዝ ናይትና ጄኒ ብሪምሆል የተባሉ ሁለት ያላገቡ ሴቶች በ1898 ወደ እንግሊዝ ሲላኩ ለሴቶችም በሩ ተከፈተ።

ለረጅም ጊዜ የመነሻው ዕድሜ ለወንዶች 19፣ ለሴቶች 21 ነበር። በኦክቶበር 2012 ይህ ወደ 18 እና ወደ 19 ዝቅ ሲል የሚስዮናውያኑ ቁጥር ብዙም ሳይቆይ ከ58 ሺህ ገደማ ተነስቶ ከ80 ሺህ በላይ አሻቀበ። ለውጡ ይበልጥ የታየው በሴቶቹ ዘንድ ነው፤ በ21 ዓመቷ ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ ወይም ትዳር ልትይዝ የተቃረበች ሴት ለመሄድ ትቸገር የነበረውን ያህል የ19 ዓመት ልጅ አትቸገርም።

አገልግሎቱ በማመልከቻ ይጀምራል። አመልካቹ በሐኪምና በጥርስ ሐኪም ይመረመራል፣ ስለ እምነቱና ስለ ሥነ ምግባሩ በአጥቢያው ኃላፊዎች ይጠየቃል፣ ከዚያም ወረቀቱ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ይሄዳል። በዚያ ሐዋርያ ተብለው ከሚጠሩት የበላይ መሪዎች አንዱ የወጣቱን ፎቶግራፍና መረጃ እየተመለከተ፣ ጸልዮም ምድቡን ይወስናል። እስከ 2018 ድረስ መልሱ የሚመጣው በፖስታ፣ በትልቅ ነጭ ኤንቨሎፕ ነበር። የዩታ ቤተሰቦች ይህን ኤንቨሎፕ የሚከፍቱት እንደ ሠርግ ዋዜማ ዘመድ አዝማድ ጠርተው ነበር። የዓለም ካርታ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያንዳንዱ እንግዳ ልጁ ይመደብበታል ብሎ በገመተው አገር ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ልጁ ደብዳቤውን እየተንቀጠቀጠ ጮክ ብሎ ሲያነብ የአገሩ ስም ላይ ሲደርስ ቤቱ በጩኸት ይሞላል። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ደብዳቤው በኢንተርኔት ይደርሳል፤ ድግሱ ግን አልቀረም።

ሥልጠናው የሚሰጥበት ትልቁ ማዕከል በዩታ ፕሮቮ ከተማ ይገኛል። የተጀመረው በ1961 ነው፤ ምክንያቱም ወደ ላቲን አሜሪካ የተመደቡ ወጣቶች ቪዛ እስኪመጣላቸው ሥራ ፈትተው ከሚቀመጡ ስፓንኛ ቢማሩ ይሻላል የሚል ቀላል ሐሳብ ነበር። አሁን ከ50 በላይ ቋንቋዎች ይሰጡበታል፤ ለአፍሪካውያን ደግሞ በአክራና በጆሃንስበርግ ማዕከላት አሉ። አዲስ ቋንቋ የሚማር ሰው የሚሰጠው ጊዜ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሳምንት ነው። ይህ ቋንቋ ለመቻል እንደማይበቃ ማንም ያውቃል። አስተማሪዎቹ በአብዛኛው በቅርቡ ከዚያው አገር የተመለሱ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጸሎትንና የትምህርቱን ፍሬ ነገር በአዲሱ ቋንቋ ያስለምዷቸዋል። ስለዚህ ልጁ ገበያ ገብቶ ሽንኩርት በስሙ ጠርቶ መግዛት ሳይችል ስለ ንስሐ ግን ሊናገር ይችላል።

የሥርዓቱ ምሰሶ ጓድ ነው። በማርቆስ ወንጌል ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱን «ሁለት ሁለቱንም ይልካቸው ጀመር» የተባለውን ቃል በቀጥታ በመከተል፣ አንድ ሚስዮናዊ ከመታጠቢያ ቤት በቀር የትም ቦታ ብቻውን አይሆንም፤ ጓዱ የሚያየውና የሚሰማው ርቀት ላይ መሆን አለበት። በአንድ ክፍል፣ በየአልጋቸው ያድራሉ። በተለመደው መርሐ ግብር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነስተው ስፖርት ይሠራሉ፣ ቁርስ በልተው በግልና በጋራ ያጠናሉ፣ ረፋዱ ላይ ወጥተው እስከ ማታ 3 ሰዓት ገደማ በመንገድ፣ በየደጁና ቀጠሮ በያዙላቸው ቤቶች ይቆያሉ፤ 4 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ይጠፋል። ፊልም፣ ቴሌቪዥን፣ ዋና እና የፍቅር ቀጠሮ የተከለከሉ ናቸው። ጓዱን የሚመርጠው እርሱ አይደለም፤ የአይዳሆ ገበሬ ልጅ ከማኒላ ልጅ ጋር፣ ዝምተኛው ከለፍላፊው ጋር ሊጣመር ይችላል። ጓዱ ሲያንኮራፋ፣ ሳህን ሳያጥብ ሲቀር ወይም ሲከፋው ሮጦ የሚሸሽበት ሌላ ክፍል የለውም። ብዙ ተመላሾች ከባዱ ነገር በር መዘጋት ሳይሆን ይህ ነበር ይላሉ፤ ለኋላ ትዳራቸው የረዳቸውም ይኸው እንደሆነ የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው።

ጥንዶቹ ለዘለቄታው አብረው አይኖሩም። የሚስዮኑን ክልል ለሦስት ዓመት የሚመራው ፕሬዚዳንት፣ ባለትዳርና ከባለቤቱ ጋር የሚመጣ፣ በየስድስት ሳምንቱ ገደማ ዝውውር ያወጣል፤ የተነካው ልጅ ሁለት ሻንጣውን ይዞ በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ነው። በእነርሱ መካከል የራሳቸው ጨዋታ አለ። አዲስ መጤውን የሚያሠለጥነው «አባቱ» ይባላል፤ አገልግሎቱን የጨረሰው «ሞተ» ይባላል፣ የመጨረሻው ጓዱም «ገዳዩ» ነው። መመለሻው ደርሶ ልቡ የሸፈተበትን ልጅ የሚጠሩበት ቃል ደግሞ «ሻንጣ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የወጣ ነው። ደረት ላይ የሚለጠፈው ጥቁር መለያ የያዘው የቤተሰብ ስምን ብቻ ነው፤ በመጀመሪያ ስም መጠራራት አይፈቀድም። በዚህ ሥርዓት አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ሁለት ዓመት ሙሉ በአባቱ ስም ሲጠራ ይከርማል ማለት ነው።

ወጪውን የሚሸፍኑት ወጣቱና ቤተሰቡ ናቸው። በፊት እያንዳንዱ በተመደበበት አገር ኑሮ ልክ ስለሚከፍል ቶኪዮ የደረሰው ልጅ ወላጆች ሲጨነቁ ርካሽ አገር የደረሰው ይቀልለት ነበር፤ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ግን በአሜሪካና በሌሎች የበለጸጉ አገሮች ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ወርኃዊ መዋጮ ያስገባሉ። መዋጮው በጁላይ 2020 ከ400 ወደ 500 ዶላር አድጓል። ከድሃ አገሮች የሚመጡት የቻሉትን ያህል አዋጥተው የቀረው ከአጠቃላይ ፈንድ ይሟላላቸዋል። ብዙ ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ለዚሁ ብለው ሳንቲም ያጠራቅማሉ።

ከቤት ጋር የነበረው ግንኙነት ለብዙ ዘመን በደብዳቤና በኢሜይል የተወሰነ ነበር፤ ስልክ የሚደወለው በዓመት ሁለቴ፣ በገናና በእናቶች ቀን ብቻ ነበር። በፌብሩዋሪ 2019 በየሳምንቱ፣ ልብስ በሚታጠብበትና አስቤዛ በሚገዛበት የዕረፍት ቀን፣ መደወል ተፈቀደ። እኔ እንደሚመስለኝ በቅርብ ዓመታት ከተደረጉት ለውጦች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ የናፍቆት ሕመምንና የልብ ጭንቀትን ዝም ብሎ መሸከም የእምነት መለኪያ ተደርጎ ይታይ ነበርና። ቀድሞ የሚመለስ ልጅ በዩታ ሰፈሮች ዛሬም በሐሜት ይሸማቀቃል፤ በጤና ምክንያት ለሚመለሱት በአገራቸው ሆነው የበጎ አድራጎት ሥራ የሚሠሩበት አማራጭ ቢዘጋጅም ሐሜቱ ፈጽሞ አልጠፋም።

ፍሬው ከአገር አገር ይለያያል። በፊሊፒንስ ወይም በምዕራብ አፍሪካ አንድ ጥንድ ብዙ ሰው ሊያስጠምቅ ሲችል፣ በምዕራብ አውሮፓ ሁለት ዓመት ለፍቶ አንድም ሳያስጠምቅ የሚመለስ አለ። በኋላ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ሚት ሮምኒ ከ1966 እስከ 1968 በፈረንሳይ ለ30 ወራት አገልግሏል። ወይን የዕለት መጠጥ በሆነበት አገር ከአልኮል የሚከለክል እምነት ሲሰብክ ብዙ በር ተዘግቶበታል። በጁን 1968 እርሱ የሚነዳው መኪና መስመሩን ስቶ ከመጣ ሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ የሚስዮኑ ፕሬዚዳንት ባለቤት ሞተች፤ እርሱንም በቦታው የደረሰ ፖሊስ ሞቷል ብሎ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ለሐዘን ወደ አገሩ ሲመለስ የ21 ዓመቱ ወጣት ከሌላ ባልደረባው ጋር ሚስዮኑን በኃላፊነት አስተዳድሯል።

መንግሥታትም ጣልቃ የሚገቡበት ጊዜ አለ። ጋና በጁን 1989 የውጭ ሚስዮናውያኑን አባርራ እስከ 1990 መጨረሻ ድረስ የቤተ ክርስቲያኑን እንቅስቃሴ አግዳለች። ሩሲያ በ2016 ስብከትን የሚገድብ ሕግ ስታወጣ ወጣቶቹ መጠሪያቸውን ወደ «በጎ ፈቃደኞች» ለውጠው በየመንገዱ መስበክ አቁመዋል። በኢየሩሳሌም ያለው የትምህርት ማዕከላቸው የተከፈተው በእስራኤል ላለመስበክ በጽሑፍ ቃል ከገቡ በኋላ ነው። በ2020 በኮሮና ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደየአገራቸው ተመለሱ።

ወደ አፍሪካ የተደረገው ጉዞ ዘግይቶ የተጀመረ ነው፤ ምክንያቱም ቤተ ክርስቲያኑ እስከ ጁን 1978 ድረስ ጥቁሮችን ወደ ክህነት አያቀርብም ነበር። ይህ እገዳ በታሪኩ ላይ የቀረ ከባድ ጠባሳ ነው። ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ትውውቅ ደግሞ በስብከት አልጀመረም። በጃንዋሪ 27 ቀን 1985 በአሜሪካና በካናዳ ያሉ አባላት በድርቅ ለተጎዱት ብለው ጾመው የምግባቸውን ዋጋ ሲሰጡ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ፤ ከመሪዎቹ አንዱ ራስል ባላርድም ሁኔታውን ለማየት ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ሕጋዊ ዕውቅና የተገኘው በ1993 ነው፤ ራሱን የቻለ የአዲስ አበባ ሚስዮን የተቋቋመው ደግሞ በጁላይ 2020።

ለእኛ አገር ሰው ሁለት ነገር ግር ይለዋል። አንደኛው «ኤልደር» የሚለው የወንዶቹ መጠሪያ ነው፤ ትርጉሙ ሽማግሌ ማለት ሲሆን ጢሙ ገና ያላቀመቀመ የ18 ዓመት ልጅ በዚሁ ስም ራሱን ያስተዋውቃል። ሁለተኛው ቡና ነው። እምነታቸው ቡናና ሻይን ስለሚከለክል፣ እንግዳ ተቀባይ እናት ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ዕጣን አጢሳ አቦል ቀድታ ስታቀርብ ሁለቱ ወጣቶች ስኒውን በትሕትና መመለስ አለባቸው፤ ቶናውንም በረካውንም እንዲሁ። ፈንዲሻውን ግን መብላት ይፈቀድላቸዋል።