ፎቶ ከፎርማት ወደ ፎርማት ሲቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፎቶን ፎርማት መቀየር የሁለት ክሊክ ሥራ ነው። ቀላል ስለሆነም ከጀርባው ምን እንደሚካሄድ የሚጠይቅ ብዙም የለም። የሚዞሩት ምክሮች ግን ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ጉዳት የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ደህናውን ፎቶ ያበላሻሉ።

«የፋይሉን ስም ብቀይር ፎርማቱም ይቀየራል»

አይቀየርም። በፋይሉ ስም ላይ ከነጥቧ በኋላ ያለውን ከፒኤንጂ (PNG) ወደ ጄፔግ (JPEG)፣ ማለትም ከአንዱ የፎቶ ፎርማት ወደ ሌላው ብትለውጡ ስሙ ብቻ ነው የሚለወጠው። ውስጡ እንደነበረ ነው። የፒኤንጂ ፋይል ገና ሲጀምር፣ በመጀመሪያዎቹ ባይቶቹ መሐል የፎርማቱ ስም ራሱ ተጽፎ ይገኛል። ብዙ ፕሮግራሞች የፋይሉን ስም ትተው ይህን ስለሚያነቡ ፎቶው ይከፈታል። ሰውም «ይኸው ተቀየረ» ይላል። ጉዱ የሚፈላው ጠበቅ ያለ የማመልከቻ ድረ ገጽ «ይህ ጄፔግ አይደለም» ብሎ ሲመልሰው ነው።

በነገራችን ላይ ጄፒጂ (JPG) እና ጄፔግ (JPEG) አንድ ናቸው። የድሮው የኮምፒውተር ሥርዓት ዶስ ከነጥቧ በኋላ ከሦስት ፊደል በላይ ስለማይቀበል አንዷ ፊደል ተቆረጠች፤ በቃ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ከሆነ ስም መቀየር ይበቃል።

«ጄፔጉን ወደ ፒኤንጂ ብቀይረው ጥራቱ ይጨምራል»

በብዛት የምሰማው ይህንን ነው። መነሻውም ትክክል ነው፤ ፒኤንጂ ምንም ሳይጥል ያስቀምጣል፣ ጄፔግ ግን ይጥላል። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ትንንሽ ነጥቦች) በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ይከፋፍለዋል። ከዚያ በየካሬው ዓይናችን እምብዛም የማያስተውለውን ዝርዝር ይቀንሳል። በተለይ ቀለም ላይ ይጨክናል፤ ዓይናችን ከቀለም ልዩነት ይልቅ የብርሃን ልዩነትን አጥርቶ ስለሚያይ።

አንዴ የተጣለው ዝርዝር ፋይሉ ውስጥ የለም። ፒኤንጂው የሚደርሰው የተረፈው ብቻ ነው። በፊደላት ጠርዝ ላይ ያለውን ብዥታና የካሬዎቹን ምልክት ሳይቀር በታማኝነት ይገለብጠዋል። የሚጨምረው የፋይሉ ክብደት ነው። 4000 በ3000 የሆነ ፎቶ 12 ሚሊዮን ፒክስል አለው። ለአንድ ፒክስል 3 ባይት ብናስብ፣ ሳይጨመቅ 36 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ጄፔግ ይህን ወደ ጥቂት ሜጋባይት ያወረደው ስለጣለ ነው። ፒኤንጂ መጣል ስለማይችል ያን ያህል አያወርደውም።

ለውጡ የሚጠቅመው ፎቶውን ደጋግማችሁ ኤዲት የምታደርጉ ከሆነ ነው። የጠፋውን አይመልስም፤ ተጨማሪ መጥፋቱን ግን ያቆማል።

«ጄፔግ በተከፈተ ቁጥር ይበላሻል»

መክፈትም ሆነ ኮፒ ማድረግ አይነካውም። የሚጎዳው ኤዲት አድርጎ እንደገና ሴቭ ማድረግ ነው። ጥራቱን 100 ላይ ብታደርጉትም ትንሽ መጥፋቱ አይቀርም። ብዙ የመልእክት መተግበሪያዎችም ፎቶ ስትልኩ ራሳቸው እንደገና ይጨምቁታል። ቴሌግራም ላይ «እንደ ፋይል» ብላችሁ ከላካችሁት ግን ሳይነካ ይደርሳል።

«ፒኤንጂ ሁልጊዜ ከጄፔግ ይሻላል»

ለስክሪንሹት፣ ለሎጎ፣ ጽሑፍ ለበዛበት ምስል አዎ። ለካሜራ ፎቶ ግን በአብዛኛው ቦታ ማባከን ነው። ጄፔግ የማይችለው ከጀርባው ባዶ የሆነ ምስል መያዝ ነው። እንዲህ ያለ ሎጎ ወደ ጄፔግ ሲቀየር ባዶው ቦታ ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ ቁጭ ይላል።

«ወደ ኤስቪጂ ከቀየርኩት የቱንም ያህል ባሳድገው አይፈርስም»

ኤስቪጂ በፒክስል ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ የተሠራ ከሆነ እውነት ነው። ብዙ መቀየሪያዎች ግን ያንኑ የፒክስል ምስል ኤስቪጂ ውስጥ ከተው ይሰጧችኋል። ያ ሲያድግ እንደ ድሮው ይፈርሳል።

«ለኅትመት ዲፒአዩን ከ72 ወደ 300 ማድረግ ይበቃል»

ዲፒአይ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ነጥብ እንደሚታተም የሚነግር ቁጥር ነው። ቁጥሩን ብቻ መቀየር ለፎቶው አንዲት ፒክስል አይጨምርለትም። ማየት ያለባችሁ የፒክስሉን ብዛት ነው። 3000 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ በኢንች 300 ፒክስል ሲታተም 10 ኢንች ይሞላል። 600 ፒክስል ያለው 2 ኢንች ብቻ ነው፤ ፋይሉ ላይ የፈለገው ቁጥር ይጻፍ።

«ሲቀየር የግል መረጃዬ ይጠፋል»

የስልክ ፎቶ የተነሳበትን ሰዓት፣ ሎኬሽን ክፍት ከነበረም ቦታውን ይዞ ይዞራል። አንዳንድ መቀየሪያ ይህን ያጠፋዋል፣ አንዳንዱ ወደ አዲሱ ፋይል ያሻግረዋል። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት የአዲሱን ፋይል ዝርዝር መረጃ ከፍታችሁ እዩ። ኦንላይን መቀየሪያ ስትጠቀሙ ደግሞ ፎቶው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ ሰው ሰርቨር ይጫናል። የመታወቂያ ወይም የፓስፖርት ፎቶ ከሆነ እዚያ አታስገቡት። ዊንዶውስ ላይ ፔይንት፣ ማክ ላይ ፕሪቪው ያለ ኢንተርኔት ይቀይሩላችኋል።