የትራክተር ፊልትሮ ምንድን ነው?

የናፍጣ ሞተር ያለ አየር፣ ያለ ናፍጣና ያለ ዘይት አይሠራም። ሦስቱም ወደ ሞተሩ ሲገቡ ቆሻሻ ይዘው እንዳያልፉ መንገድ ላይ የሚያግዳቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከታጣጠፈ ወረቀት የተሠራው ማጣሪያ ፊልትሮ ይባላል። በብዙ ትራክተሮች ላይ አራተኛ ፊልትሮም አለ፤ ማረሻውን የሚያነሳውንና የሚያወርደውን የሃይድሮሊክ ዘይት የሚያጣራው። እሱ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ትራክተሩ አዲስ ሆኖ ከማርሹ የሚወጣው የብረት ብናኝ ግን ብዙ ስለሆነ፣ አብዛኞቹ መመሪያዎች የመጀመሪያውን ቅያሪ በ50 የሥራ ሰዓት ያዝዛሉ።

ወሎ ውስጥ መጀመሪያ የሚፈተነው የአየር ፊልትሮ ነው። የቆቦ ሜዳ ማሽላ መሬት ዝናብ ሳይነካው ሲታረስ ከአቧራው የተነሳ ትራክተሩ ራሱ አይታይም። ሞተር አንድ ሊትር ናፍጣ ለማቃጠል ከ10,000 ሊትር በላይ አየር ይስባል። አቧራው ውስጥ ያለው የአሸዋ ብናኝ ከሲሊንደሩ ብረት ይጠነክራል፤ ካለፈ የፒስተን ፋሻውን (ፒስተኑን የከበበውን ቀለበት) እና ሲሊንደሩን እየፈጨ ይበላል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ዘይት ማንደድ ይጀምራል፣ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል፣ ወጪውም የፊልትሮ ሳይሆን የሙሉ እድሳት ይሆናል።

ይህን የሚያውቅ ሾፌር ብዙ ጊዜ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳል፤ በየምሳ ሰዓቱ ፊልትሮውን አውጥቶ ጎማ ላይ እየደበደበ ያራግፋል። እኔ እንደማየው ከመርሳት ያላነሰ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው። ፊልትሮ እንደ ወንፊት አይደለም። ወረቀቱ ላይ የተጋገረው ስስ አቧራ ራሱ ያጣራል፤ ትንሽ የሠራ ፊልትሮ ከአዲሱ ይበልጥ ደቃቁን ብናኝ ይይዛል። በተከፈተ ቁጥር ደግሞ ቤቱ ውስጥ የተከማቸው አቧራ ወደ ንጹሑ ጎን ይወድቃል፣ ሲደበደብም ወረቀቱ ይሰነጠቃል፣ ጫፉም ይጣመማል። መክፈት የሚገባው የመታፈን ምልክት ሰጪው ሲቀላ ወይም መመሪያው ላይ ያለው ሰዓት ሲደርስ ነው። በኮምፕሬሰር ከተነፋም ግፊቱ ከ2 ባር ሳይበልጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ። በቤንዚን ማጠብ ፈጽሞ አይሆንም። ባለ ሁለት ፊልትሮ ከሆነ ውስጠኛው አይነፋም፣ አይታጠብም፤ ይቀየራል እንጂ። በየቀኑ ሊነካ የሚገባው ከፊልትሮው ቤት ሥር ያለችው የጎማ አፍ ናት፤ በጣት ቆንጠጥ ሲያደርጓት አቧራው ይረግፋል።

በእጅ የሚነዱት ባለ ሁለት ጎማ ትራክተሮችና የቆዩ ማሲ ፈርጉሰኖች ብዙዎቹ ወረቀት የላቸውም፤ አየሩ የሚጣራው ሳህን ውስጥ ባለ ዘይት ነው። ዘይቱ ጭቃ ሲመስል ሳህኑ ታጥቦ እስከ ምልክቱ ድረስ ብቻ ይሞላል። ከምልክቱ ካለፈ ሞተሩ ዘይቱን ስቦ እንደ ነዳጅ ሊያነደውና ከቁጥጥር ውጭ ሊጮህ ይችላል።

ጥቁር ጭስና የጉልበት ማነስ የታፈነ የአየር ፊልትሮ ምልክት ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ቆቦ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደሴ ከ2,400 በላይ። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ከቆላ ወደ ደጋ የወጣ ትራክተር አንድ አሥረኛ የሚሆን ጉልበቱን ያለ ምንም ብልሽት ይጥላል፤ ያን ጊዜ ፊልትሮ መቀየር ብር ማባከን ነው።

የናፍጣ ፊልትሮ ጠላቱ ከአቧራ ይልቅ ውሃ ነው። ማደያው ያለው አስፋልት ዳር ነው፤ እርሻው ድረስ ናፍጣው በበርሜልና በጀሪካን ይሄዳል። በደጋው ብርድ ግማሹ ባዶ የሆነ ታንከር ሌሊት ግድግዳው ላይ ላብ ያወጣል፤ ማታ ሞልቶ ማሳደር የሚመከረው ለዚህ ነው። በርሜሉም ከተቀመጠ በኋላ ሳይነቃነቅ ይረፍ፣ ሲቀዳም ከሥሩ አይነካ። ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ በሚልከው ፖምፓ ውስጥ በሚንሸራተቱት ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከጥቂት ማይክሮን አይበልጥም፤ የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ያህል ይወፍራል። ፊልትሮው ሲታፈን ሞተሩ ባዶውን ደህና ይሠራና ማረሻው መሬት ሲነክስ ይሞታል።

አዲሱ ሲገጠም ብዙዎች ናፍጣ ሞልተው ያስሩታል። መሃለኛው ቀዳዳ ግን የተጣራው ናፍጣ መውጫ ነው፤ በዚያ የፈሰሰው ሳይጣራ በቀጥታ ፖምፓው ይገባል። የሚሻለው ባዶውን አስሮ በእጅ ፖምፓው እየገፉ ማስሞላት፣ አየር ማውጫውን ብሎን አላልቶ አረፋው እስኪጠፋ መጠበቅ ነው። ሞተሩ አየር ከያዘ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ደጋግሞ መሞከር ባትሪ መጨረስ ብቻ ይሆናል።

የዘይት ፊልትሮው ግን ሕመሙን አይናገርም። ሲደፈን ውስጡ ያለው ቫልቭ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል፤ ሞተሩ ያለ ዘይት ከሚቀር ቆሻሻውን ይጠጣ ተብሎ የተሠራ ነው። ጭስ የለም፣ መንተፋተፍ የለም። ስለዚህ የሚመራን ሰዓት ቆጣሪው ብቻ ነው፤ እንደ ሞዴሉ ከ100 እስከ 250 ሰዓት፣ ከዘይቱ ጋር አብሮ። የዘይቱ መጥቆር ብቻውን ምልክት አይሆንም፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት በገባ በጥቂት ሰዓት ይጠቁራል። ሲገጠም የጎማ ቀለበቱ በንጹሕ ዘይት ይረጥባል፣ ቀለበቱ ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ይጠብቃል። በመፍቻ አይታነቅም። የአሮጌው ቀለበት ተጣብቆ ቀርቶ እንደሆነም መታየት አለበት፤ ሁለት ቀለበት ከተደራረበ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈስሳል።

የተቃጠለውን ዘይት ገበሬው ለአጥር እንጨት ምስጥ መከላከያ ይቀባዋል፤ ቦርከና ወንዝ ዳር ከመድፋት በብዙ ይሻላል። አሮጌው ፊልትሮም ሳይጣል በፊት በብረት መጋዝ ተከፍቶ ወረቀቱ ይታይ። የሚያብለጨልጭ ብናኝ በዛ ያለ ከሆነ ማግኔት ያስጠጉት፤ ማግኔቱ ባያነሳውም፣ ማግኔት ከማይስበው ብረት የተሠራው የዘንጉ መቀመጫ መበላት ጀምሮ ሊሆን ይችላልና፣ ወደ ቀጣዩ እርሻ ከመሄዱ በፊት መካኒክ ይየው።