ሴሚናር፣ ዲፌንስና የሐይቅ ዳር ውሎ በሐዋሳ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሥነ ምህዳርና ዝግመተ ለውጥ ብዙውን ጊዜ የሚጠኑት በባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ጥላ ሥር ነው። ሐዋሳ ላይ ግን ነገሩ ሰፋ ይላል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲቋቋም የሐዋሳ ግብርና ኮሌጅን፣ የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅንና የዲላውን ኮሌጅ አንድ ላይ አድርጎ ነበር። ዲላ በኋላ ራሱን ችሎ ወጥቷል። ዓሣ፣ ደንና እንሰት የሚያጠኑ ሰዎች እዚህ ጎረቤት የሆኑት ለዚህ ነው።

በሐዋሳ በእነዚህ ዘርፎች ለሕዝብ ክፍት ከሆኑት መድረኮች ዋናው የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪ ዲፌንስ ነው። ተማሪው የመመረቂያ ጥናቱን ያቀርባል፣ የውጭና የውስጥ ፈታኞች ያፋጥጡታል፣ አማካሪው ዝም ብሎ ይሰማል። ቤተሰብ ኋላ ወንበር ላይ ሆኖ በጭንቀት ይጠብቃል። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ክርክሩ ሲሞቅ ግን አንዳንዴ ወደ አማርኛ ይዞራል። ከዚህ ሌላ የፕሮፖዛል ማቅረቢያና የመምህራን ሴሚናር አለ።

በእኔ ግምት ሴሚናር ነፍስ የሚዘራው ጥያቄ ላይ ነው። ቆሮሶ የሚባለውን የሐይቅ ዓሣ እንውሰድ። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ አሸዋ ቆፍሮ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ለዝግመተ ለውጥ ተማሪ ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው፦ ጥቂት እንቁላል ጥሎ አብዝቶ መንከባከብ መቼ ያዋጣል? ለዓሣ አስጋሪው ደግሞ የዕለት እንጀራ ነው። ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ ዳር ዳሩን ሲጎተት ገና ያልወለደውንም ጠራርጎ ያወጣል። አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ሲያሰግር የኖረ ሰው አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ካለ፣ የትኛው ዳርቻ በየትኛው ወር ጎጆ እንደሚበዛበት ሊነግራችሁ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው መጋበዝ እንደ ውለታ መታየት የለበትም፤ ጥናቱ ራሱ ይፈልገዋል።

ጥር መጨረሻ ላይ የዓለም የረግረጋማ ቦታዎች ቀን አለ። እዚህ ከተማ ሲነሳ የጨለለቃ ነገር ያንገበግባል። ድሮ ሐይቅ የነበረው ቦታ ዛሬ አብዛኛው ረግረግና ግጦሽ ነው። ከዚያ የሚነሳው ጥቁር ውሃ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ዓመቱን ሙሉ የሚገባ ብቸኛ ወንዝ ነው። ሐይቁ በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ ወንዙ ይዞት የሚገባው ደለል እዚያው ይቀራል ማለት ይቻላል።

ከቤት ውጭ የሚደረገውን ዝግጅት ልጆች ይወዱታል። ሴኪ ዲስክ የሚባል ጥቁርና ነጭ የተቀባ ሳህን አለ፤ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከጀልባ በገመድ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሳህኑ ከዓይን ሲሰወር ገመዱ ላይ ያለው ምልክት ይነበባል። ውሃው በደፈረሰ ቁጥር ሳህኑ ቶሎ ይጠፋል፤ ጥቁር ውሃ አፈር ይዞ በሚወርድበት ክረምት ልዩነቱን ልጅ እንኳ ያየዋል።